ሁለተኛ ዲግሪን ከመጨረሻው ተነሥቶ መምረጥ፦ ለጅማ የሂዩማኒቲስ አመልካቾች

ጅማ ውስጥ የድህረ ምረቃ ማመልከቻ ወቅት በደረሰ ቁጥር የቋንቋ፣ የታሪክ፣ የፎክሎርና የጋዜጠኝነት ምሩቃን «የትኛው ዲፓርትመንት ይሻላል?» እያሉ ይጠያየቃሉ። በዚህ መልኩ የቀረበ ጥያቄ መልስ የለውም። የሚሻለው ዲፓርትመንት የሚታወቀው አመልካቹ በሁለተኛው ዓመት ስለ ምን እንደሚጽፍ፣ ማስረጃው የት እንዳለ፣ ማን እንደሚያማክረው፣ ዲግሪው ሲያልቅም በየትኛው የሥራ መደብ ሊወዳደርበት እንደሚችል ሲያውቅ ነው። ስለዚህ ምርጫው ከመጨረሻው ተነሥቶ ወደ መጀመሪያው መምጣት አለበት። ብዙዎች የሚሄዱት ግን በተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ የዲግሪውን ስም ይመርጣሉ፣ ከዚያ ይመዘገባሉ፣ ርዕስ የሚፈልጉት ዓመት ከመንፈቅ ካለፈ በኋላ ነው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ሰው የሚቀረው የት ላይ ነው?

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሂዩማኒቲስ ማስተርስ በመደበኛው መርሐ ግብር በአብዛኛው ሁለት ዓመት ይፈጃል። የመጀመሪያው ዓመት የኮርስ ነው፦ የምርምር ዘዴ፣ ንድፈ ሐሳብ፣ ሴሚናርና የዘርፉ ዋና ዋና ኮርሶች። ሁለተኛው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ሁሉም እንደሚለው የቴሲስ ነው። ኮርሱን አብዛኛው ተማሪ ይወጣዋል፤ ፈተና አለው፣ ቀን አለው፣ አብሮ የሚያጠና ጓደኛ አለ። ቴሲስ ላይ ይህ ሁሉ ይቀራል። አማካሪው ሥራ ይበዛበታል፣ ተማሪው ወደ መደበኛ ሥራው ይመለሳል፣ ፕሮፖዛሉ ሦስት ጊዜ ይቀየራል፣ በመጨረሻ «ኮርስ ጨርሻለሁ፣ ቴሲስ ብቻ ነው የቀረኝ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለዓመታት ይዘልቃል።

ይህ የሚሆነው በስንፍና ብቻ አይደለም። ዋናው ምክንያት የሥራውን መጠን አስቀድሞ አለማስላት ነው። አንድ ተማሪ 12 ሰዎችን አነጋግሬ እጽፋለሁ ብሎ ፕሮፖዛል አቀረበ እንበል። እያንዳንዱ ቃለ መጠይቅ 45 ደቂቃ ቢወስድ የተቀዳው ድምፅ 9 ሰዓት ይሆናል። የአንድ ሰዓት ድምፅ በጽሑፍ ለመገልበጥ ልምድ ላለው ሰው እንኳ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል፤ ስለዚህ ግልበጣው ብቻ ከ36 እስከ 54 ሰዓት ይፈልጋል። ንግግሩ በአፋን ኦሮሞ ወይም በየምሳ (በየም ሕዝብ ቋንቋ) ሆኖ ቴሲሱ በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ከሆነ ትርጉሙ ያንኑ ያህል ጊዜ ይጨምራል፤ ከ72 እስከ 108 ሰዓት ሆነ ማለት ነው። ቀን የሚያስተምር መምህር ለጥናቱ በሳምንት 10 ሰዓት ቢያገኝ፣ አንድም የትንታኔ መስመር ሳይጽፍ ከ7 እስከ 11 ሳምንት አለፈው። የአንድ ሴሚስተር ትልቁ ክፍል በዚሁ አለቀ። 12ቱን ሰዎች 7 አድርጎ ጥያቄውን ማጥበብ ከአማካሪ ጋር መጨቃጨቅን የሚጠይቅ ቢሆንም ሊደረግ የሚገባው ውሳኔ ነው።

ወቅትም ሊታሰብበት ይገባል። በጅማ ዙሪያ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ከባድ ነው፤ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚወስደው መንገድ ይጨቀያል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ነው፤ ገበሬው ቀኑን ሙሉ ከማሳው ስለማይወጣ ለቃለ መጠይቅ አይቀመጥም። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ስለሚገባ በሚያጠኑበት ዓመት የት ላይ እንደሚውል አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። የመስክ ሥራ ያለው ቴሲስ እንግዲህ ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ቢያዝ ይመረጣል። የትምህርት ካላንደሩ ከዚህ ጋር የማይገጥም ከሆነ የመስክ ሥራው በአንደኛው ዓመት እረፍት መጀመር አለበት። ርዕሱ ቀድሞ መታወቅ ያለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አንድ ገበያ፣ አራት ዲግሪ

የዲፓርትመንቶቹ ልዩነት በስማቸው አይገባም፤ አንድን ነገር በየራሳቸው ዓይን ሲመለከቱት ማየት ይሻላል። የድሮውን የጅማ ገበያ፣ ሂርማታን እንውሰድ። ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት (ሊሙ ኢናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ) ጅማ ገናና የነበረው በንግዱ ነው። የሐሙሱ የሂርማታ ገበያ የሲራራ ነጋዴዎች ከየአቅጣጫው የሚገናኙበት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ከጅሬን ሆነው የሚያስተዳድሩት አገር አንዱ የገቢ ምንጩ ይኸው ንግድ ነበር።

ይህን ገበያ የታሪክ ተማሪ ሲይዘው ጥያቄው የለውጥ ጥያቄ ይሆናል፦ ቀረጡ ማን ይሰበስበው ነበር? የባርያ ንግዱ ሲቀር ምን ተካው? የጅማ ራስ ገዝነት እ.ኤ.አ. በ1932 ሲያበቃና ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1936 ገብቶ ከተማውን በአዲስ ፕላን መሥራት ሲጀምር ገበያው ምን ሆነ? መልሱ ሰነድ ይፈልጋል። ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት፣ ኋላም የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ስለነበረች የመሬት፣ የፍርድና የግብር ወረቀት በየመሥሪያ ቤቱ ይገኛል ብሎ ማሰብ ያጓጓል። ግን ወረቀቱን በዓይን ሳያዩ፣ ሳጥኑ ሳይከፈት፣ የሚፈቅደው ኃላፊ ሳይታወቅ ፕሮፖዛል መጻፍ ትልቅ ስህተት ነው። የተማመኑበት መዝገብ ቤት ወረቀቱ በዝናብ የበሰበሰ ወይም ተቆልፎ የቀረ ከሆነ ርዕሱም አብሮ ይቀራል። ቀሪው ሰነድ አዲስ አበባ ነው፤ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) እና በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው በስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም። ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ የሁለት ሳምንት ማረፊያና ምግብ ወጪ በዕቅድ ይያዛል። የትብብር ደብዳቤውም ለእያንዳንዱ ተቋም በየስሙ ተጽፎ መውጣት አለበት። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል አንድ ደብዳቤ ይዘው ሄደው በር ላይ የሚመለሱ አሉ።

የፎክሎር ተማሪ ያንኑ ገበያ ሲያይ የሚፈልገው ገበያተኛው ስለ ገበያው የሚለውን ነው፦ ምሳሌያዊ አነጋገሩን፣ ዘፈኑን፣ ስለ ነጋዴዎች የሚወራውን ተረክ፣ ስለ አባ ጅፋር ብልሃት የሚነገረውን። እዚህ ላይ «በእርግጥ ተደርጓል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ነው፤ ማን፣ ለማን፣ መቼ፣ ለምን ዓላማ ይናገረዋል የሚለው ይቀድማል። ታሪክ መጻፍ የፈለገ ሰው ፎክሎር ውስጥ ገብቶ፣ አማካሪው «ይህ የታሪክ ጥያቄ ነው» እያለ ፕሮፖዛሉን ሲመልስበት የሚከርመው ይህን ልዩነት ሳይለይ ስለገባ ነው።

የቋንቋ ጥናት ተማሪ ወደ ዛሬው የጅማ ገበያ ይሄዳል። አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛ፣ የምሳ፣ ከፍኛ፣ ዳውርኛና ጉራጊኛ ተናጋሪዎች በአንድ ተራ ሲገበያዩ ዋጋ የሚጠራው በየትኛው ቋንቋ ነው? ክርክሩ ሲከርር ወደ የትኛው ይዞራል? የሱቆቹ ጽሑፍ በቁቤ፣ በግዕዝ ፊደልና በእንግሊዝኛ ሲጻፍ የትኛው ከላይ፣ የትኛው በትልቁ ይወጣል? ለዚህ መዝገብ ቤት አያስፈልግም፤ ፎቶግራፍ፣ የድምፅ መቅጃ፣ የተናጋሪዎቹ ፈቃድና ቋንቋዎቹን መስማት መቻል ይበቃል። ወጪው አነስተኛ፣ ርቀቱ የእግር መንገድ ስለሆነ ለሠራተኛ ተማሪ ይመቻል። በዚህ ረገድ ለጅማ አመልካች ከሁሉ የሚቀናው ዘርፍ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

አራተኛው የቅርስ አስተዳደር ነው። የጅሬኑን ቤተ መንግሥት፣ ሙዚየሙንና በከተማው የቆሙትን የጣልያን ዘመን ሕንፃዎች ማን እንደሚጠብቃቸው፣ በየትኛው ሕግና በጀት፣ ጎብኚው ምን እንደሚነገረው ያጠናል። ከአራቱ ወደ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሥራ በቀጥታ የሚያስገባው ይኸኛው ነው።

በዚህ ላይ አንድ አሳሳቢ ነገር አለ። በ1933 ዓ.ም. ጣልያን ሲወጣ 10 ዓመት የነበራቸው አዛውንት አሁን ዘጠናዎቹን አጋምሰዋል። ከዚያ በፊት የነበረውን ገበያ በዓይኑ ያየ ሰው ፈልጎ ማግኘት ከእንግዲህ አይጠበቅም፤ ከወላጅ የሰሙትም እየቀነሱ ነው። በጅማ ዙሪያ በየቤተሰቡ የተቀመጡት የዓረብኛና የዐጀሚ (በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ የአፋን ኦሮሞ) ጽሑፎች ደግሞ ለአንባቢው ትልቅ ሀብት ናቸው፤ ፊደሉን ማንበብ የማይችል ተማሪ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ተምሮ አይደርስባቸውም። ከልጅነቱ መድረሳ ገብቶ የተማረ የታሪክ ወይም የቋንቋ ምሩቅ ብዙ ሰው የሌለውን መሣሪያ ይዟልና ርዕሱን ከዚያ ቢያነሣ መልካም ነው። በግዕዝ ብራና ለተሳበ ሰው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊሎሎጂ ማስተርስ አለው። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የማይክሮፊልም ፕሮጀክት ከተነሡት ከ9,000 በላይ ብራናዎች ብዙዎቹም በኢንተርኔት ስለሚነበቡ ጅማ ሆኖ መዘጋጀት ይቻላል።

የሥነ ጽሑፍ ማስተርስ የመስክ ወጪ የለውም፤ መጽሐፍ ነው የሚፈልገው። እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ ማስተማር፣ በአጭሩ ቴፍል፣ ስሙ ለእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የቀረበ ይምሰል እንጂ ሥራው ሌላ ነው፤ ክፍል ውስጥ መታዘብ፣ መጠይቅ መበተን፣ ውጤቱን በስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ማስላት ይበዛበታል። ልብ ወለድ ወድዶ ቴፍል የገባ ሰው በሁለተኛው ዓመት ራሱን ከቁጥር ጋር ሲታገል ያገኘዋል። የቴሲሱን ቋንቋም ጠይቆ መግባት ያስፈልጋል። የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ ዲፓርትመንቶች በየቋንቋቸው ያጽፋሉ፤ ታሪክ ግን በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። 100 ገጽ በእንግሊዝኛ መጻፍ ለአንዳንዱ ከራሱ ከምርምሩ ይከብዳል።

ከዲግሪው በኋላ ያለው በር

«ማስተርስ ይዤ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ» የሚለው ተስፋ ከዐሥር ዓመት በፊት ሚዛን ይደፋ ነበር። አሁን ሒሳቡ ተለውጧል። የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ተማሪ ሲያንስ በሂዩማኒቲስ ዲፓርትመንት የሚከፈተው ክፍል ያንሳል፤ ክፍል ሲያንስ ያሉት መምህራን ይበቃሉ፤ አዲስ ቅጥር ይቆማል። በሌክቸረርነት ደረጃ ለመቀጠር ማስተርስ ይበቃል የሚለው ደንብ ባይቀየርም፣ ማስታወቂያው ሲወጣ አንድ ቦታ ላይ የሚሰለፈው ሰው ብዙ ነው። በዚህ መንገድ ብቻ ተማምኖ ዲግሪ መጀመር አይመከርም።

ቀድሞውኑ ሥራ ላይ ላለ ሰው ግን ነገሩ ይለያል። የሁለተኛ ደረጃ መምህር ከሚያስተምረው ትምህርት ጋር በሚገጥም ዘርፍ ማስተርስ ሲይዝ በመምህራን የደመወዝ መሰላል ላይ ይታሰብለታል። የአማርኛ መምህር ሆኖ በሌላ ዘርፍ ቢመረቅ ግን «አግባብነት የለውም» ተብሎ ሊቀር ይችላል። የሲቪል ሰርቪስ ሠራተኛ ደግሞ ዲግሪ ስለጨመረ ብቻ ደመወዝ አይጨመርለትም፤ ክፍት መደብ ላይ ተወዳድሮ ማለፍ አለበት። ለመደቡ የሚፈለገው የትምህርት ዓይነት በስም ተዘርዝሯል። ስለዚህ ከመመዝገብ በፊት ወደ ሰው ሀብት ክፍል ሄዶ የሚፈልጉትን መደብ ተፈላጊ ችሎታ ማንበብ፣ ከዚያ የፕሮግራሙ ስም በዲግሪው ላይ እንዴት ተጽፎ እንደሚወጣ ከሬጅስትራር መጠየቅ ያስፈልጋል። «ፎክሎር»፣ «ሥነ ጽሑፍና ፎክሎር»፣ «ባህል ጥናት» ለተመራማሪው ዘመዳማቾች ናቸው። ፋይሉን ለሚያጣራው ባለሙያ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈውን የመቀበል ሥልጣንም የለውም። አለቃዬ ያውቀኛል ብሎ መተማመን እዚህ ላይ አይሠራም።

ማመልከቻው ራሱ

ከ2016 የትምህርት ዘመን ወዲህ ለድህረ ምረቃ የሚያመለክት ሰው በትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠውን ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና፣ ተማሪው ጋት የሚለውን፣ ማለፍ ይጠበቅበታል። ማለፍ ምደባ አይደለም። ውጤቱን ይዞ ለዩኒቨርሲቲው ማመልከት የአመልካቹ ድርሻ ነው፤ ዲፓርትመንቱም የራሱን ቃለ መጠይቅ ወይም ፈተና ሊጨምር ይችላል። የሂዩማኒቲስ ሰው የሚቸገረው በስሌትና በማመዛዘን ጥያቄዎች ነው፤ ከአንደኛ ዓመት በኋላ ሒሳብ አልነካምና። መቶኛ፣ ጥምርታ፣ አማካይና ሠንጠረዥ ማንበብ በቀን አንድ ሰዓት ለስድስት ሳምንት ቢሠራ የዛገው ይመለሳል። ፈተናው በሚሰጥበት ሳምንት ግን አይመለስም።

ከፈተናው ይልቅ ብዙ ሰው የሚያሰናክለው ወረቀት ነው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር በታሸገ ፖስታ ወደሚያመለክቱበት ይላካል፤ የወጪ መጋራት ዕዳ ያልተጣራለት ሰው ግን አይላክለትም። ዕዳው ከደመወዝ ሲቆረጥ ከቆየ የመሥሪያ ቤቱን ማስረጃ ማውጣት፣ የቀረውን መክፈል፣ ክሊራንሱን ወስዶ ለሬጅስትራር ማስገባት ሳምንታት ይፈጃል። በወለጋ ወይም በሐረማያ የተማረ የጅማ ነዋሪ ይህን ማስታወቂያ ሲወጣ ከጀመረ አይደርስም። ከመሥሪያ ቤት የሚገኘው የስፖንሰርሺፕ ወይም የትምህርት ፈቃድ ደብዳቤም እንዲሁ ነው። ፈቃዱ ደመወዝ እየተከፈለ ነው ወይስ ያለ ደመወዝ? ከምረቃ በኋላ ስንት ዓመት ማገልገል ያስገድዳል? ቢያቋርጡ ምን ይመለሳል? ውሉ ላይ ከመፈረም በፊት እነዚህን ማንበብ ግድ ነው።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከስምንቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው፤ ድህረ ምረቃ ላይ እንዲያተኩር የተመደበ ማለት ነው። በ1992 ዓ.ም. ሲመሠረት የተዋሃዱት ግን የእርሻ ኮሌጅና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ናቸው፤ ሂዩማኒቲሱ ኋላ የመጣ ነው። ስለዚህ ዲፓርትመንቱ በእርስዎ ርዕስ ላይ ዶክትሬት ያለው ስንት መምህር አለው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ጥያቄ ነው። የግል ኮሌጅ ለሚመርጥ ሰው ደግሞ «ኮሌጁ ዕውቅና አለው» የሚለው መልስ አይበቃም። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሚሰጠው በየፕሮግራሙ፣ በየካምፓሱና በየማስተማሪያ ዘዴው ነው። አዲስ አበባ ላይ በመደበኛ የተፈቀደ ማስተርስ ጅማ ባለው ቅርንጫፍ ወይም በርቀት ተፈቅዷል ማለት አይደለም። ይህ ሳይጣራ የተከፈለ ገንዘብና ያለፈ ዓመት አይመለስም።

የውጭ ስኮላርሺፕ ለሚያስብ ሁለት መንገድ ብቻ እናንሣ። የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንደስ የትምህርት ክፍያውን ሸፍኖ በወር 1,400 ዩሮ እስከ 24 ወር ይሰጣል፤ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ማመልከቻ የሚቀበሉት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ቼቭኒንግ የአንድ ዓመት የብሪታንያ ማስተርስ ነው፤ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ሦስት የማስተርስ ፕሮግራም ያስመርጣል፣ ሲጨርሱ ለሁለት ዓመት ወደ አገር መመለስን ያስገድዳል። የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናው አይኤልትስ ውጤቱ ለሁለት ዓመት ብቻ ስለሚያገለግል ቸኩሎ መፈተን ኪሳራ ነው። ሲመለሱ የአቻ ግምት ማሠራት አይቀርምና የኮርስ ዝርዝሩን ከነማኅተሙ ይዞ መምጣት ያስፈልጋል።

ከመወሰን በፊት ምን ይደረግ? በሚያስቡት ዲፓርትመንት በቅርብ ዓመታት ከጸደቁት ቴሲሶች ሦስቱን ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ወይም ከኢንተርኔት ማከማቻው አውጡ። መግቢያውን እለፉት፤ ሁሉም ይመሳሰላል። የምስጋና ገጹን አንብቡ፤ አማካሪው ማን እንደሆነና በምን እንደረዳ ከዚያ ይታወቃል። ቀጥሎ ወደ መጨረሻው ሂዱ። የታሪክ ቴሲስ ከሆነ የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር የሚባል ሠንጠረዥ ታገኛላችሁ፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቦታና ቀን፣ በመጨረሻም ስለሰውየው አንድ ሁለት መስመር። ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ቀኖቹን ተመልከቱ፤ መስክ ላይ የዋለው ጊዜ ስንት ቀን እንደሆነ ይነግራችኋል። ስሞቹንም ተመልከቱ። በሦስቱም የሚደጋገሙት አዛውንት በተደጋጋሚ የተጠየቁትን ተጠይቀው የተናገሩ ናቸው። ከዚያ በሰፈራችሁ፣ በቤተ ዘመዳችሁ፣ በመስጊዱ ወይም በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የምታውቋቸውና ስማቸው በየትኛውም ዝርዝር ላይ የሌለ ሽማግሌ ወይም ባልቴት አሉ እንደሆነ አስቡ። ካሉ ማመልከቻው ከመከፈቱ በፊት ሄዳችሁ ሰላም በሉ፤ ቡና ጠጡ፣ ስለ ምን መናገር እንደሚወዱ ስሙ። መቅጃውን ለሌላ ቀን አቆዩት። ወደ የትኛው ዲፓርትመንት መሄድ እንዳለባችሁ የመጀመሪያው ፍንጭ ከዚያ ጨዋታ ይገኛል።